አትጣይው፣ ውስጡ ዝንብ አለ

ወንዝ ባለበት ከተማ ሁሉ፣ ወንዙ በረዶ ሲለብስ ልቡ የሚሸፍት አንድ ሰው አይጠፋም። ሌላው እንጨቱን ፈልጦ፣ የመስኮቱን ስንጥቅ ደፍኖ፣ ሾርባውን ጥዶ ብርዱ እስኪያልፍ አርፎ ይቀመጣል። እሱዬው ግን ምድር ቤት ይወርድና ዝንብ ይሠራል። አዎ፣ ዝንብ። እግዜር የፈጠረው ያነሰ ይመስል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትራውት የሚባለውን ዓሣ በትል መያዝ ነውር ነው ብለው የሚያምኑ ሰዎች አሉ። እነዚህ ሰዎች መንጠቆዋን በትንሽ ሞርሳ ያስይዙና ላባና ጸጉር በቀጭን ክር ይጠመጥሙባታል፤ ዓሣው ውሃ ላይ ያረፈች ነፍሳት መስላው ይጎርሳታል። በእኛ ወንዝ፣ ሰሜን ሚሺጋን፣ ከኦክቶበር እስከ ኤፕሪል የመጨረሻዋ ቅዳሜ ድረስ ማጥመድ ክልክል ነው። ስለዚህ ያን ሁሉ ወር ቁጭ ብለው ዝንብ ይሠራሉ። መሥራት ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ ይሞክራሉ። በዚህ ጸጉር ቢሆንስ፣ በዚያ ላባ ቢሆንስ እያሉ ሰው ያስጨንቃሉ።

የእኛ ከተማ ሞካሪ ዴልማር ክዊስት ናቸው። ሕዝቡ ሊቀ ዝንብ ብሎ ሾሟቸዋል፤ እሳቸውም ሹመቱ ሲያንሳቸው ነው ብለው ተቀብለዋል። ዕድሜ ልካቸውን የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ረጅም፣ ጎበጥ ያሉ ሽማግሌ ናቸው። ደረታቸውን የሚሸፍን ቢጫ የመታው ነጭ ጺም ነበራቸው፣ እንደ ልጅ የሚሳሱለት። ማጉያ መነጽራቸውን ከዓይናቸው ማውለቅ ስለሚረሱ ቤቭ የምትባል ሴት ከፍታ የምታሠራው ቁርስ ቤት ሲገቡ ዓይናቸው የእንቁላል ያህል ነው። በዚያ ዓይን ፊትህን አያዩም። ጸጉርህን ነው የሚያዩት።

አነጋገራቸው አንድ ነው። ምን ልትጥል ብትወጣ ከየት መጡ ሳይባል አጠገብህ ይቆሙና "አትጣለው፣ ውስጡ ዝንብ አለ" ይላሉ። አሮጌ ምንጣፍ ልትጥል ስትል፤ ውስጡ ዝንብ አለ። የልጅህን የተቀዳደደ አሻንጉሊት ድብ፤ ውስጡ ዝንብ አለ። መኪና የገጨው ሽኮኮ ካዩ አውራ ጎዳና መሃል መኪናቸውን አቁመው በአካፋ ያነሱታል፤ ትራፊክ ፖሊሱም ድሮ ይጠይቅ ነበር፣ አሁን እጁን አውለብልቦ ያልፋል። አንድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከፊታቸው የተቀመጠችው ሴትዮ የካፖርቷ የጸጉር አንገትጌ ከጸሎቱ በፊት ሙሉ ነበር፣ ከጸሎቱ በኋላ ግን መሃሉ ተመልጦ ተገኘ። ሊቀ ዝንብ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተው፣ "አሜን" ይሉ ነበር።

ጎረቤታቸው ማርሊስ ቶፍቴ ናት። ስድሳን የተሻገረች፣ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ የነበረች፣ ነገር የማይበዛባት ሴት ናት። አንድ አጥር ተጋርተው ስላረጁ እሷ ሊቀ ዝንብን አንተ ነው የምትላቸው። ባሏ ሎረን በሕይወት ሳለ ከእሳቸው ምድር ቤት አይጠፋም ነበር። አንድ ቀን አይስክሬም ፍለጋ የሊቀ ዝንብን ማቀዝቀዣ ከፍቶ፣ የአይስክሬም ዕቃው ውስጥ ሁለት የዳክዬ ክንፍ ተጣጥፎ ተኝቶ አገኘና "ከት ብዬ ሳቅሁ፣ ግን ክዳኑን ስዘጋ ይቅርታ አልኩት" ብሎ ነግሯታል።

እስከዚህ ድረስ ያስቃል። ከዚህ ወዲያ ያለው ግን ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚያወራው ነው።

ሊቀ ዝንብ ለሚሠሩት ዝንብ ሁሉ ስም ይሰጣሉ፤ ስሙም የጸጉሩ ባለቤት ስም ነው። "ይቺ ቢስኩት ናት" ይላሉ፣ የቤቭ ቀይ ድመት የነበረችውን። "ይሄ ሃርላን ነው" ይላሉ፣ የከተማውን ጸጉር አስተካካይ። ነገሩ ምንድን ነው ቢሉ፣ ቢስኩት የሞተችው ጸጉሯ ከተወሰደ በኋላ ነው። ሃርላንም እንደዚያው። በበረዶው ወራት ሊቀ ዝንብ ጸጉሩን የጠየቁት ፍጡር የኤፕሪልን ቅዳሜ ሳያይ ይቀራል። ቁርስ ቤት ውስጥ ይቀለድበታል። "ዴልማር ጸጉርህን ካደነቀ ኑዛዜህን ጻፍ" ይባላል፣ ይሳቃል። ግን እሳቸው በሩን ከፍተው ሲገቡ ኮፍያውን የሚያወልቅ የለም።

ማርሊስ ይህን ቀልድ ሰምታ አትስቅም። ከሦስት ዓመት በፊት፣ ሎረን ደጅ እንጨት እየፈለጠ፣ ላቡ በዚያ ብርድ እየጨሰ፣ ሊቀ ዝንብ አጥሩ ላይ ተደገፉና "ሎረን፣ ያንን ጺም ስትከረክመው አትጣለው፣ ውስጡ ዝንብ አለ" አሉት። ሎረን እየሳቀ በወጥ ቤት መቀስ ቆርጦ ሰጣቸው። ወንዙ ቀልጦ ሳያበቃ፣ አንድ ጠዋት አንዱን ጫማ አጥልቆ ሌላውን ሊያጠልቅ ሲያጎነብስ በዚያው ቀረ። ሐኪሙ ልቡ ነው አለ።

በእኛ ከተማ ደግሞ አንድ ሕግ አለ። የማጥመጃው ወቅት የሚከፈትበት ቀን ጠዋት ሁሉም ድልድዩ ጋ ይሰበሰባል፤ የመጀመሪያው ውርወራ ራስህ በሠራኸው ወይም በገዛኸው ዝንብ አይሆንም፣ ሌላ ሰው በብርዱ ወራት ላንተ ብሎ በሠራው ነው። የተሰጠህ ዝንብ ሳይረጥብ አያድርም። ደርቆ ካደረ ሠሪውን መስደብ ነው፤ ለወቅቱም ገድ የለውም ይባላል። ያን ዓመት ሊቀ ዝንብ ለማርሊስ አንዲት የክብሪት ቀፎ ሰጧት። "ሎረን ነው" አሉ። ወረወረችው። አንድ ነገር ከድልድዩ ስር ተነስቶ ዋጠው፣ ክሩን በጠሰው፣ ሄደ። ክሩ እጇ ላይ ላልቶ ቀረ። ያ ቅጽበት ከሕይወቷ ሁሉ የከፋው ይሁን የተሻለው እስከ ዛሬ ቁርጡን አታውቅም። ከዚያ ወዲህ ግን ሊቀ ዝንብን በአጥር ላይ ሰላም ትላለች እንጂ ቆማ አታወራም።

እንግዲህ ባለፈው መጸው ማርሊስ ጡቷ ውስጥ እብጠት አገኘች። ለማንም አልተናገረችም። አሪዞና ላለው ልጇ እንኳ አልነገረችም። ሁለት ሰዓት እየነዳች የካንሰሩን መድኃኒት፣ ኬሞ፣ ትወስዳለች፤ ቤቭ ስትጠይቃት "እህቴ ታማ ነው" ትላለች። ጃንዋሪ ላይ ጸጉሯ መርገፍ ጀመረ። ከትራሷ፣ ከማበጠሪያዋ፣ ከመታጠቢያው ቀዳዳ እየለቀመች በወረቀት ከረጢት ሰበሰበችውና፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ በረዶው ቀጥ ብሎ እየወረደ፣ ወደ ቆሻሻ በርሜሉ ይዛው ወጣች። ክዳኑን ስታነሳ ከኋላዋ፦

"አትጣይው፣ ውስጡ ዝንብ አለ።"

ዞር አለች። ሊቀ ዝንብ አጥሩ ጋ ቆመዋል፣ ያለ ካፖርት፣ በቤት ጫማ። በረዶው ትከሻቸው ላይ ተከምሯል። ቆየት ብለዋል ማለት ነው።

"ምን እንደያዝኩ በምን አወቅህ?" አለች።

"አላወቅሁም።"

"ታዲያ ምን ልትሠራ ወጣህ?"

"እግሬ ነው ያመጣኝ" አሉ። "ማርሊስ፣ እኔ እኮ አንቺን መጠየቅ አልፈለግሁም።"

እና ያኔ ነው ያየችው፤ እነዚያ ትልልቅ ዓይኖች ፈርተዋል። በስንት ዓመት ጉርብትና ሊቀ ዝንብ ሲፈሩ አይታቸው አታውቅም። ይሄ ከሐኪሙ ወረቀት ሁሉ ይልቅ አስደነገጣት። ድንጋጤዋም ወዲያው ንዴት ሆነ። ከረጢቱን በአጥሩ ላይ ወረወረችላቸው።

"እንካ ውሰደው። ሎረንንም ወስደህ የለ።"

ደረታቸው ላይ ያዙት። ይዘውት ገቡ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የማርሊስ ኑሮ ወጥ ቤት መስኮት ላይ ሆነ። የሊቀ ዝንብ ምድር ቤት መስኮት ከበረዶው ጋር እኩል ነው፤ ጀንበር ስታዘቀዝቅ ቢጫ መብራት ይበራበታል፣ በመስተዋቱም ላይ የሁለት እጅ ጥላ ይታያል። ጥላው ይጠመጥማል፣ ይስባል፣ ያጠብቃል። ባጠበቀ ቁጥር እሷ ጉሮሮዋ ላይ ይሰማታል። የመድኃኒቱ ነው እያለች ራሷን ታጽናናለች፤ መብራቱ ሲጠፋ ግን ጉሮሮዋም ይለቃታል። እንዲህ እየተጠመጠመች ወሩን ፈጀችው።

ፌብሩዋሪ ላይ በቃኝ አለች። ጸጉሬን አስመልሳለሁ ብላ ሻርቧን ጠምጥማ ሄደች። በሩ እንደ ወትሮው አልተቆለፈም። ተጣራች፤ መልስ የለም። ደረጃውን ወረደች። ናፍታሊን ይሸታል፣ ማቀዝቀዣው ያጉረመርማል። ግድግዳው ሙሉ ቡሽ የተለጠፈበት ነው፤ ቡሹም ላይ ዝንቦቹ በየስማቸው ተሰክተዋል። ይዛው የገባችው ንፋስ ነካቸውና ሁሉም ባንዴ ነቅነቅ አሉ። ንፋሱ ካለፈ በኋላም ትንሽ ቆይተው ነው የተዉት። አንዱ ቦታ ባዶ ነው፤ ከስሩ "ሎረን" ይላል።

ጥግ ላይ አሮጌ የገላ መታጠቢያ ገንዳ አለ። ጠጋ ብላ አየች። ሊቀ ዝንብ ዴልማር ክዊስት ከነሸሚዛቸው፣ ዓይናቸውን ገልጠው፣ ከውሃው በታች በጀርባቸው ተኝተዋል። ጺማቸው እንደ ሣር ይወዛወዛል። ከፊታቸው በላይ አንድ ዝንብ ተንሳፍፏል።

ሞቶ ነው፣ አለች በልቧ፤ ወዲያውም፣ እግዜር ይቅር ይበላትና፣ ከእኔ በፊት እሱ፣ አለች።

ሊቀ ዝንብ ተነሥተው ቁጭ አሉ፣ ውሃው በጺማቸው እየወረደ።

"ከታች ሆነው ካላዩት አይታወቅም" አሉ፣ የመጣችው ሻይ ልትጠጣ ይመስል። "ሁሉም ከላይ እያየ ይሠራል። ዓሣው ግን ከታች ነው የሚያየው።"

"አንተ ሰው፣ በሳንባ ምች ልትሞት ነው።"

"ውሃው ሞቅ ያለ ነው።"

"ጸጉሬን መልስልኝ።"

ከገንዳው ወጥተው ብርድ ልብስ ደረቡ። ጠረጴዛው ላይ ሞርሳው አለ፤ ከስሩም "ማርሊስ" የሚል ካርድ። ሞርሳው የያዘውን ነገር ልታይ ስትል የሻይ ኩባያ ደፉበት።

"ያላለቀ አይታይም" አሉ።

"ልጠይቅህ ነው፣ እውነቱን ንገረኝ። ትገድላቸዋለህ ወይስ ታውቃለህ?"

ሊቀ ዝንብ የጺማቸውን ውሃ በብርድ ልብሱ ጫፍ ጨመቁ።

"ከአርዲስ ነው የጀመረው" አሉ። አርዲስ ሚስታቸው ነበረች። "አንድ ቀን ስታበጥር አየኋትና እስቲ ስጪኝ አልኳት። ዝም ብዬ። ለመሞከር። ኤፕሪል ላይ ብቻዬን ድልድዩ ጋ ቆምኩ። ስለጠየቅኳቸው ይሞቱ፣ ሊሞቱ ስለሆነ ልጠይቃቸው፣ እኔ አላውቅም ማርሊስ። ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር። እጄ ይቀድመኛል።"

"ለምን አትተወውም ታዲያ?"

"አንድ ዓመት ተውኩ። የሚሞቱት ያኔም ሞቱ። ዝንብ ስላልሠራሁላቸው ግን ወንዙ ውስጥ ምንም አልቀረላቸውም።"

ማርሊስ ጸጉሯን ሳታስመልስ ወጣች። ደረጃው ላይ ዞር ስትል ብርድ ልብሳቸውን ተከናንበው ኩባያውን እያዩ ነበር። ጺማቸው በአንድ በኩል አጥሮ፣ አይጥ የበላው ይመስላል። እርጅና ነው አለች።

ኤፕሪል ገባ። ሐኪሟ ፊልሙን ብርሃን ላይ አድርጋ አየችና "ለጊዜው ጠርቷል፣ በበጋው እንደገና እናያለን" አለቻት። ለጊዜው። ማርሊስ ይቺን ቃል ይዛ ሁለት ሰዓት ነድታ ተመለሰች፤ መኪናው ውስጥ አለቀሰች፣ ከዚያ ከመንገድ ዳር ሽንኩርት የበዛበት ሃምበርገር ገዝታ በላች። ቅዳሜዋ ግን ገና ነበረች። ቅዳሜ ሳይመጣ የዳነ የለም።

ቅዳሜ መጣች። ማርሊስ ቡትስ ጫማዋን ስታደርግ ቁጭ ብላ፣ ሁለቱንም በጥንቃቄ አጠለቀች። ድልድዩ ጋ ሰው ተሰብስቧል፤ ዶናት ይበላል፣ ይላገዳል። ሻርቧንና የሌለውን ቅንድቧን አይተው ነገሩ ገባቸው፤ ሊቀ ዝንብ የክብሪት ቀፎ ይዘው ወደ እሷ ሲመጡ ሲያዩ ደግሞ ዶናት ማኘኩም ቆመ። ሊቀ ዝንብ ከስተዋል። እስከ አፍንጫቸው በሻርፕ ተሸፍነዋል።

ቀፎውን ከፈተች። ካርዱ "ማርሊስ" ይላል። ዝንቡ ግን ነጭ ነው፣ ቢጫ የመታው፣ ሻካራ። የማርሊስ ጸጉር ደግሞ ቀይ ነበር።

እጇን ሰደደችና ሻርፑን ከፊታቸው ሳበችው።

ጺም የለም። አንዲት የሕፃን የምታክል፣ የነጣች፣ ብርድ ያንቀጠቀጣት አገጭ ብቻ። ይህቺን አገጭ በከተማው ውስጥ ያያት ሰው አልነበረም።

"ውይ ዴልማር" አለች ቤቭ ከኋላ፣ "አንተ ለካ አገጭ አለህ።"

ሰዉ ሳቀ፤ ማርሊስ አልሳቀችም።

"ይሄ የኔ ጸጉር አይደለም" አለች።

"ቀለም የተቀባ ጸጉር ውሃ ይጠጣል። ይሰምጣል።"

"የኔ ጸጉር ቀለም ነክቶት አያውቅም።"

"እንግዲያው ያለ ቀለምም ይሰምጣል" አሉ ሊቀ ዝንብ ተቆጥተው። "ሞክሬዋለሁ።"

"የት አደረስከው?"

"አጥሩ ላይ በትኜዋለሁ። ወፎቹ ጎጆ እየሠሩ ነው፣ ይወስዱታል።" ከዚያ ጎንበስ ብለው ጆሮዋ ላይ፣ ሌላው እንዳይሰማ፣ "የሚመጣው ነገር ስምሽን አንብቦ ይመጣል፣ ሲጎርስ ግን የሚያገኘው እኔን ነው። የዝንብ ሥራ ማታለል አይደል? ዕድሜ ልኬን ትንንሾቹን ሳታልል ኖሬ፣ ትልቁን አንዴ ብሞክረው ምናለ ብዬ ነው። ክረምቱን ሙሉ አምስቴ አፍርሼ ሠራሁት። ከታችም አይቼዋለሁ። አንቺን ይመስላል።"

ማርሊስ ያንን የተላጨ አገጭ አየችው። ሦስት ዓመት ሙሉ የተጣላችውን ሰው፣ ለካ ትወደው ኖሯል። ይሄ እንዴት ያለ ቂላቂል ሽማግሌ ነው፣ አለች፣ ዓይኗም እንባ ሞላ።

"ወርውሪዋ" አለ አንዱ። ሕግ ሕግ ነው። የመጀመሪያው ውርወራ በተሰጠሽ ዝንብ ነው። ማርሊስ ዝንቡን ክሩ ጫፍ ላይ አሰረችው። ያኔ ከድልድዩ ስር፣ ጥላው በከበደበት፣ ውሃው ሰፊ ክብ ሠራ። አንዲት ነፍሳት እንኳ ውሃው ላይ አልነበረችም፤ ለነፍሳት ገና ብርድ ነው። ክቡ ሰፋ፣ ጠፋ፣ እዚያው ቦታ ላይ እንደገና ሠራ። ምን እንደሆነ የተናገረ የለም። አንድ ነገር ከታች ሆኖ ወደ ላይ እያየ ነበር።

ማርሊስ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። ዝንቡን ወስዳ በሻርቧ እጥፋት፣ ጆሮዋ አጠገብ ሰካችው።

"ምን መሆንሽ ነው?" አሉ ሊቀ ዝንብ፣ ድምፃቸው እስከ ድልድዩ ማዶ እየተሰማ። "ያልረጠበ ዝንብ ምኑን ዝንብ ሆነ? ክረምቱን ሙሉ ለፍቼ ልታዋርጂኝ ነው? ወርውሪው እንጂ።"

"አልወረውረውም" አለች ማርሊስ። "ውስጡ ሰው አለ።"

ሊቀ ዝንብ እስከ ዛሬ አልታረቋትም። በከተማችን ታሪክ እንዲህ የተደፈረ ሠሪ የለም ይላሉ፤ ቤቭ ቁርስ ቤት ለገባ ሁሉ ክሳቸውን ያሰማሉ። ማርሊስም ያን ወቅት ሙሉ፣ ሳታፍር፣ በትል ነው ያጠመደችው። ጠዋት ጠዋት ግን ሁለቱ አጥሩ ላይ ይቆማሉ፤ እሳቸው እንደ ጃርት የቆመውን አዲስ ጺማቸውን ያሳያሉ፣ እሷ ሻርቧን ገለጥ አድርጋ ግራጫ ሆኖ የበቀለውን ታሳያለች፣ የማን ቀደመ እያሉ ይጨቃጨቃሉ። ከአጥሩ በላይ ባለው ዛፍ ላይ ያለው ጎጆ ፀሐይ ሲመታው ቀላ ይላል።

ከድልድዩ ስር ያለው ነገር አሁንም በየማለዳው እዚያው ቦታ ላይ ክብ ይሠራል። ይጠብቅ።